ቱቦውን ከማስጠረግዎ በፊት ከወለሉ ሥር ይመልከቱ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቤትና ጥገና

ዝናቡ ሲጀምርና ማሞቂያ ሲከፈት ስለ አየር ቱቦ የሚጽፉልን አንባቢያን ይበዛሉ። በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎችን አቅርበናል። የመጀመሪያው ብዙዎችን የሚመለከት በመሆኑ ሰፋ ያለ መልስ ሰጥተንበታል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው በሲያትል ደቡባዊ ክፍል፣ ሬኒየር ቫሊ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት ከባለቤቴ ጋር በ1926 የተሠራ ቤት ገዛን። በጋውን ሙሉ ምንም ችግር አልነበረውም። ኦክቶበር ላይ ማሞቂያውን ስንከፍት ግን ወለሉ ላይ ካሉት ፍርግርጎች የቆየ ጓዳ የመሰለ የታፈነ ሽታ ይወጣ ጀመር፤ ሳምንታት ቢያልፉም አልጠፋም። በፍርግርጎቹ ዙሪያ ደግሞ ጥቁር ነገር ተለጥፏል። ትንሹ ልጄ አስም ስላለበት ጠዋት ጠዋት ሲያስል ስሰማው ልቤ አያርፍም። በዚህ መሐል «የቤቱን የአየር ቱቦ በሙሉ በ99 ዶላር እንጠርጋለን» ብለው የደወሉልንን ሰዎች አስመጣን። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሠሩ በስልካቸው የሻጋታ ፎቶግራፍ አሳዩንና መድኃኒት ካልተረጨበት ልጁን እንደሚጎዳው፣ ዋጋውም 1,800 ዶላር እንደሆነ ነገሩን። ባለቤቴ «ለልጅ ጤና ገንዘብ አይቆጠርም፤ ይሠሩት» ይላል። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ደግሞ «መስኮት ክፈቱ፤ ቤት የሚታመመው ሲታፈን ነው» ትላለች። የማንን ምክር ልስማ?

መልስ፦ ለዛሬው የእናትዎን ምክር ይስሙ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ። 1,800 ዶላሩን ግን አይክፈሉ። በሰው ስልክ ላይ ያለ ፎቶግራፍ የእርስዎ ቤት ቱቦ ለመሆኑ ምንም ማረጋገጫ የለውም። የእርስዎ ቱቦ ቢሆን እንኳ፣ ጥቁር የሆነ ሁሉ ሻጋታ አይደለም። ከአቧራው ብርሃን በሚያሳልፍ ተለጣፊ ፕላስተር አንስቶ ላቦራቶሪ ማስመርመር 50 ዶላር ገደማ ነው የሚያስወጣው። ሻጋታ አለ ብሎ 1,800 ዶላር የሚጠይቅ ሰው ይህን ምርመራ አልፈልግም ካለ ነገሩ ከዚያው ያበቃል።

እርስዎ ራስዎ ዛሬ ማታ የሚያደርጉት ነገር አለ። ማሞቂያውን ያጥፉ፤ ከወለሉ ፍርግርጎች አንዱን ያንሱ፤ ብዙ ጊዜ በብሎን ያልታሰረ ስለሆነ በእጅ ብቻ ይነሳል። የስልክዎን መብራት አብርተው ክንድዎ እስከሚደርስበት ድረስ ወደ ውስጥ አስገብተው ቪዲዮ ይቅረጹ። በላሜራው ላይ እንደ ስስ ጥጥ የተኛ ግራጫ አቧራ ቢያዩ አይደንግጡ፤ በማንኛውም ቤት የሚገኝ ነው፣ ከተጣበቀበትም እምብዛም አይነሳም። የአይጥ ኩስ፣ የተቦጫጨቀ ወረቀትና ጥጥ፣ የውኃ ዝገት መስመር ወይም ቱቦውን ሊደፍን የደረሰ ክምር ካዩ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ጥቁሩንም ነገር በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉትና ከሳምንት በኋላ ይመልከቱት። አብዛኛውን ጊዜ አየሩ ፍርግርጉን ሲያልፍ የሚተወው የጥላሸት ምልክት ሆኖ ይገኛል። ሻማ፣ ዕጣን፣ የሚቆላ ቡናና የሚቁላላ ሽንኩርት ሁሉም ጥላሸት አላቸው። ቡናውን ይተዉ ለማለት አይደለም፤ እኔም አልተውኩትም። ከምድጃው በላይ ያለው ጭስ መሳቢያ አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ መሆኑን ግን ያረጋግጡ፤ ብዙዎቹ ጭሱን በወንፊት አሳልፈው ወደዚያው ኩሽና ይመልሱታል።

ሽታውን በተመለከተ፣ ከሁለት አንዱ ነው። በጋውን በማሞቂያው ላይ የተኛው አቧራ መጀመሪያ ሲሞቅ ይቃጠልና የተጠበሰ ነገር ይሸታል፤ ይህ በሰዓታት፣ ቢበዛ በአንድ ቀን ይጠፋል። የእርስዎ ለሳምንታት የቆየና ጓዳ ጓዳ የሚል ነው። እንዲህ ያለው ሽታ ከቱቦው ውስጥ የሚነሳው ከስንት አንዴ ነው። በእርስዎ ዘመን ቤቶች ምንጩ በአብዛኛው ከወለሉ ሥር ያለው፣ ክሮል ስፔስ የሚባለው ዝቅተኛ ክፍት ቦታ ነው።

ይህን ለመረዳት ቤቱ እንዴት እንደሚተነፍስ ማወቅ ያስፈልጋል። ማሞቂያው፣ በተለምዶ ፈርነስ የምንለው፣ በሁለት ዓይነት ቱቦ ይሠራል፤ አንደኛው የሞቀውን አየር ወደ ክፍሎቹ ይነፋል፣ ሁለተኛው የቀዘቀዘውን መልሶ ይስባል። በ1920ዎቹ በተሠሩ ቤቶች አየር የሚመልሰው መስመር ብዙ ጊዜ እውነተኛ ቱቦ አይደለም። የዚያን ጊዜ አናጺዎች ወለሉን በተሸከሙት ሁለት አግዳሚ እንጨቶች መካከል ያለውን ክፍተት ከሥሩ አንድ ላሜራ በምስማር መትተው ይዘጉትና ቱቦ ነው ይሉታል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ እንጨቱ ይሸሻል፣ ምስማሩ ይላላል፣ በላሜራውና በእንጨቱ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። ፈርነሱ በተነሳ ቁጥር በዚያ ክፍተት የክሮል ስፔሱን አየር ይስብና በየመኝታ ቤቱ ያከፋፍለዋል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ መስመር ስከፍት የድንጋይ ከሰል አመድ፣ ሁለት ብይና የአይጥ ጎጆ አግኝቻለሁ። አመዱ ቤቱ በከሰል ይሞቅ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ እዚያው ነበር። የቤቱን ሰዎች ያሳመማቸው ግን አመዱ ሳይሆን ከጎኑ ባለው ቀዳዳ ይገባ የነበረው እርጥብ የአፈር አየር ነው ብዬ አምናለሁ።

ሲያትል ለምን እርጥብ እንደምትሆን ደግሞ የዝናቡ መጠን ብቻ አይገልጸውም። በዓመት የምታገኘው ዝናብ ወደ 1,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ አዲስ አበባ ከዚህ ትበልጣለች። ልዩነቱ አዲስ አበባ አብዛኛውን ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባሉት የክረምት ወራት አውርዳ ሌላውን ጊዜ በፀሐይ ማሳለፏ ነው። በሲያትል ግን ዝናቡ ከኦክቶበር እስከ ስፕሪንግ ድረስ ቀስ እያለ ያካፋል፤ ዝናብ ያለባቸው ቀናት በዓመት 150 ገደማ ይሆናሉ፣ በመካከላቸውም የሚያደርቅ ፀሐይ አይወጣም። ከቤቱ ሥር ያለው አፈር በኖቬምበር የረጠበ እስከ ኤፕሪል እርጥብ ሆኖ ይከርማል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከቱቦው ሳይሆን ከመሬቱ ይጀምራል። የጣሪያው አሸንዳ ውኃውን ከመሠረቱ አርቆ እንደሚጥል በዝናብ ሰዓት ወጥተው ይመልከቱ። ቀጥሎ ክሮል ስፔሱን ያስፈትሹ፤ መግባት ካልፈለጉ ከበሩ ላይ ሆነው በባትሪ ማየት ይበቃል። አፈሩ ራቁቱን ከሆነ በወፍራም ፕላስቲክ፣ ቢያንስ 6 ሚል ማለትም 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው፣ እየተደራረበ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። በእኔ አስተያየት በእርጥብ አገር ለሚገኝ አሮጌ ቤት ከዚህ ሥራ በላይ ገንዘቡን የሚመልስ ጥገና የለም፤ ማንም ግን በስልክ ደውሎ አይሸጥልዎትም። አይጥ ካለ መግቢያዎቹ በብረት ወንፊት ይደፈኑ። ቱቦው ተጠርጎ አይጡ ከቀረ፣ በሁለት ወር ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ የቱቦዎቹ መገጣጠሚያዎች ይታሸጋሉ። ኢነርጂ ስታር የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም እንደሚለው በአንድ ተራ ቤት በቱቦ ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በቀዳዳና ባልተገጠሙ መጋጠሚያዎች ይባክናል። ማሸጊያው ማስቲክ የሚባለው፣ በብሩሽ እንደ ሊጥ የሚቀባው ነው። በየመደብሩ የሚሸጠው ግራጫ የጨርቅ ፕላስተር፣ ስሙ ዳክት ቴፕ (የቱቦ ፕላስተር) ይባል እንጂ፣ ሙቀት ሲነካው ሙጫው ይደርቅና ይላቀቃል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። በቤትዎ ዘመን ቱቦዎች መገጣጠሚያ ላይ ነጭ ወይም ግራጫ፣ ወረቀት ወይም ጨርቅ የሚመስል ጥምጥም ካዩ አይንኩት፣ አይቅደዱት፣ ማንም እንዲፍቀውም አይፍቀዱ። አስቤስቶስ የሚባለው ቃጫ መሰል ማዕድን ሊሆን ይችላል። ሳይነካ ከቆየ የከፋ ጉዳት የለውም፤ ሲቦጨቅ ግን ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። መጀመሪያ ናሙናው በባለሙያ ተወስዶ ይመርመር። በ99 ዶላር የመጡት ሰዎች ስለዚህ አንድ ቃል ካልተነፈሱ፣ በ1926 ቤት ውስጥ ብሩሽ ሊያዞሩ መዘጋጀታቸው ብቻውን ያስፈራኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ኢፒኤ፣ ቱቦ ማስጠረግ በሽታን እንደሚከላከል በጥናት እንዳልተረጋገጠ፣ በየጊዜው የሚደረግ ልማድ መሆን እንደሌለበትም ለሕዝብ ባወጣው ጽሑፍ ገልጿል። ይጠረግ የሚለው ሦስት ነገሮች ሲታዩ ነው፤ በብረት ቱቦው ውስጥ በዓይን የሚታይ ብዙ ሻጋታ፣ የአይጥ ወይም የነፍሳት መንጋ፣ አለዚያም ቱቦውን የደፈነና በፍርግርጉ ወደ ክፍል የሚበን አቧራ። የቱቦው ውስጠኛ ገጽ ፋይበርግላስ በሚባለው የመስታወት ክር የተለበጠ ከሆነና ከረጠበ ወይም ከሻገተ፣ ተጠርጎ አይነጻም፤ መቀየር አለበት። ፀረ ሻጋታ መርጫውንም በተመለከተ፣ ለፋይበርግላስ ቱቦ ተብሎ በኢፒኤ የተመዘገበ መድኃኒት የለም። ባዶ ላሜራ ላይም ቢሆን መርጨት ከሙሉ ጠረጋ በኋላ ብቻ የሚታሰብ ነገር ነው። አስም ያለበት ልጅ በሚተኛበት ቤት ምንነቱ ያልታወቀ ኬሚካል በየክፍሉ በሚነፋ ቱቦ ውስጥ መርጨትን እኔ አልመክርም።

ቪዲዮዎ የአይጥ ኩስ ወይም ክምር ካሳየ ያስጠርጉ፤ ያን ጊዜ ትክክለኛው ሥራ ምን እንደሚመስል ማወቅ ይጠቅምዎታል። ሁለት ሰዎች አንድ ትልቅ ቫኪዩም ይዘው ይመጣሉ፤ ሰውነቱ በር ለማለፍ የሚቸገር፣ አቧራ የሚስብበት ቱቦ የሰው ጭን የሚያህል ነው። ያንን ከዋናው ቱቦ ጋር ያገናኙትና የየክፍሉን ፍርግርግ ሁሉ ይሸፍናሉ፤ ይህን የሚያደርጉት የሚነሳው አቧራ ሁሉ ወደ ማሽኑ እንዲሳብ እንጂ ወደ መኝታ ቤት እንዳይወጣ ነው። ቀጥሎ ፍርግርጎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ በሚሽከረከር ብሩሽ ወይም በታመቀ አየር ቱቦውን ያራግፋሉ። ነፋሹን ሞተርና ክንፎቹን አውጥተው ያጸዳሉ፤ ቱቦው ጸድቶ ነፋሹ ከቆሸሸ ሥራው ከንቱ ነው። ለመግቢያ የቆረጡትን ቀዳዳ በላሜራ ዘግተው አሽገው ይሄዳሉ። ይህ የብዙ ሰዓት ሥራ ነው። ኢፒኤ የጠቀሰው የዋጋ መጠን ለአንድ ማሞቂያ ሥርዓት ከ450 እስከ 1,000 ዶላር ነው፤ በትልልቅ ከተሞች ዛሬ ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ 99 ዶላር ለሁለት ሰው የግማሽ ቀን ደመወዝ እንኳ እንደማይበቃ ማስላት አያቅትም። ዋጋው የተቀመጠው ቤት ለመግባት ነው፤ ትርፉ የሚገኘው ከገቡ በኋላ በሚያሳዩት ፎቶግራፍ ነው።

ሠራተኛ ሲመርጡ የድርጅቱን ስም በዋሽንግተን ስቴት የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉ፤ ምዝገባው፣ ዋስትናውና ኢንሹራንሱ የጸና መሆን አለመሆኑን በነጻ ያሳያል። ናድካ የሚባለው የቱቦ ጠራጊዎች ብሔራዊ ማኅበር አባል መሆኑንም ይጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን ከሥራው በፊትና በኋላ፣ እርስዎ አጠገባቸው ቆመው፣ በራስዎ ስልክ ቪዲዮ እንዲቀረጽ በውል ላይ ያስጽፉ።

የልጅዎ ሳል የሐኪሙ ጉዳይ ነው፤ የቤቱን ሁኔታም ለሐኪሙ ይንገሩት። በበኩልዎ በአሁኑ ሰዓት ከጠረጋ ይልቅ የሚጠቅመው የፈርነሱ ፊልተር፣ ማለትም የአየር ማጣሪያው ነው። በፊልተር ጥራት መለኪያ ሜርቭ 13 የሚባለው ደረጃ የጭስና የአቧራ ቅንጣትን በደንብ ይይዛል። አሮጌ ነፋሽ ግን ሊከብደው ስለሚችል የማሞቂያ ባለሙያ ይጠይቁ፤ ካልቻለ ፈርነሱ የሚችለውን ከፍተኛ ደረጃ ይግዙ። ሲያስገቡት ቀስቱ ወደ ፈርነሱ ይዙር፣ በጎኑም ክፍተት አይኑር፤ አየር ቀዳዳ ካገኘ ፊልተሩን አያልፍም። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይቀይሩት። ባለሙያው ሲመጣ የፈርነሱን የእሳት ክፍልም ይፈትሽ። በየፎቁም ሽታ የሌለውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ይኑር።

ወደ እናትዎ ምክር ልምጣ። የእርጥበት መለኪያ ከ20 ዶላር በታች ገዝተው በልጁ መኝታ ቤት ያስቀምጡ፤ ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከ60 ማለፍ የለበትም። በሲያትል ክረምት ውጪው 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ እርጥበቱ 85 በመቶ ቢሆን፣ ያ አየር ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 36 በመቶ ይወርዳል፤ ቀዝቃዛ አየር የሚሸከመው ውኃ ትንሽ ነውና። ስለዚህ ውጪው እየዘነበም ቢሆን ጠዋትና ማታ አሥር ደቂቃ መስኮት መክፈት ቤቱን ያደርቀዋል። እናትዎ በሒሳብ አላሉትም እንጂ ያሉት ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ቤቱ የ1958 ነው። ጁላይ ላይ ኮርኒሱ ላይ ካለው የአየር ፍርግርግ ውኃ ይንጠባጠባል፣ ዙሪያውም ይጠቁራል። ጠራጊው «ቱቦው ሲጸዳ ይቆማል» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እርስዎ በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በበጋ ያለው አየር በውኃ የተሞላ ነው። ከማቀዝቀዣው የሚወጣው አየር 13 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ የቀዘቀዘው ላሜራ ከአቲኩ (ከጣሪያው ሥር ካለው ክፍት ቦታ) ወይም ከክፍሉ እርጥብ አየር ጋር ሲገናኝ፣ ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው ያልበዋል። የጸዳ ላሜራም እንዲሁ ያልበዋል። የሚያስፈልገው በአቲክ ውስጥ ያለው ቱቦ መጋጠሚያው ታሽጎ በሙቀት መከላከያ በደንብ እንዲለበስ፣ በፍርግርጉና በኮርኒሱ መካከል ያለው ክፍተትም እንዲደፈን ነው። ከማቀዝቀዣው ሥር ያለው የውኃ መሰብሰቢያ ሳህንና ማፍሰሻው እንዳልተደፈኑም ያስፈትሹ፤ ሳህኑ ላይ የቆመ ውኃ ሻጋታ ያበቅላል። ለሲያትሏ እህታችን የሰጠሁት የመስኮት ምክር ለእርስዎ አይሠራም፤ በጁላይ መስኮት ሲከፍቱ የሚያስገቡት ውኃ ነው። ኮርኒሱ ከጠቆረበት ቦታ በላይ ያለው ፋይበርግላስ ከረጠበ ግን ይጣልና በአዲስ ይተካ።

ጥያቄ፦ የልብስ ማድረቂያው ቱቦስ? እሱንም አይጠረግ ሊሉ ነው?

መልስ፦ እሱ ይጠረግ፤ በየዓመቱ። በአሜሪካ በዓመት ወደ 2,900 የሚጠጋ የመኖሪያ ቤት ቃጠሎ ከልብስ ማድረቂያ እንደሚነሳ የፌዴራሉ የእሳት አደጋ አስተዳደር ዘግቧል፤ ቀዳሚው መንስኤም አለማጽዳት ነው። በአሮጌ ቤት ቱቦው ከማሽኑ እስከ ውጪው ግድግዳ ሩቅ ስለሚሆንና ስለሚታጠፍ ብናኝ በየክርኑ ይቆማል። እርጥበት ሲጨመርበት እንደ ሊጥ ይጠነክራል። የፕላስቲክ ወይም የፎይል ቱቦ ካለዎት በጠንካራ ላሜራ ያስቀይሩት። ቱቦው ክሮል ስፔስ ወይም አቲክ ውስጥ አልቆ ከሆነ ደግሞ የአንድ እጥበት ውኃ ሁሉ እዚያ ይራገፋል። በራስዎ ለመፈተን ማሽኑን አስነስተው ወደ ውጪ ይውጡና በግድግዳው ላይ ያለውን መክደኛ ይመልከቱ፤ ተከፍቶ ሞቅ ያለ አየር እጅዎን በኃይል ካልመታው ሠራተኛ ይጥሩ።